የወልዴን ድምፅ የሚይዝ ዕቃ ፍለጋ

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ስለ ማይክ ዓይነቶች የሚያስረዳውን ወረቀት አሁንም እያነበብኩ ነው። ኢንተርኔት ቤት ያሳተምኩት። ሱቅ ውስጥ፣ ከዚፕና ከክር ካርቶን መሀል ተቀምጬ። አንዲት ልብስ ሰፊ ጥቁር ዚፕ ጠየቀችኝ፣ ቡናማ ሰጠኋት። ተቆጣች። እውነቷን ነው።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩን ላስረዳህ። ታላቅ ወንድሜ ወልዴ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንገቱን ኦፕራሲዮን ይሆናል። እንቅርት። ሐኪሙ ሲያስረዳን የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ ወልዴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው ከእንቅርቱ ሥር ነው አለ ሐኪሙ። ተጠንቅቀን እንሠራለን፣ ግን ድምፁ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም አለ። ቃል አልገባም ያለኝ የመጀመሪያው ሐኪም ነው። አከበርኩት። ጠላሁትም።

ወልዴ አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ ይሸጣል። ይህ እንጀራው ነው። ሰርግና መስቀል ሲመጣ ግን ዘፋኝ ነው። የአባታችንን ዘመን የጉራጌ ዘፈኖች ከነግጥማቸው የሚያውቅ ከቤተሰባችን እሱ ብቻ ቀርቷል። ስምንት ናቸው ይላል፤ ሌላው ሁሉ የነሱ ልጅ ነው ይላል። አንዱም አልተቀዳም።

ባለፈው ወር ስቱዲዮ ወሰድኩት። ባለ ስቱዲዮው ሰውዬ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ከኪቦርዱ ምት ለቀቀና በዚህ ላይ ዝፈኑ አለው። ወልዴ ምቱን ይጠብቃል፣ ምቱ ወልዴን ጥሎት ይሄዳል። ሰውየው ፋዘር፣ ቢቱን ይያዙ እንጂ ይላል። ወልዴ ምን ጠፍቶ ነው የምይዘው ብሎ ጠየቀኝ። እጁን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስጮህ ሰው ተሰበሰበ።

ስለዚህ እዚሁ መርካቶ፣ እቤት እሠራዋለሁ። ኮምፒውተር አለኝ። የጎደለው ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ሳውንድ ካርድ፣ ማይክ፣ ሄድፎን፣ ማቆሚያ። ስታቲስቲክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ በቅነሳ ሲያሰናብተኝ ነው ዚፕ ውስጥ የገባሁት። ወረቀት አንብቦ ዕቃ መምረጥ አያቅተኝም።

ደስ ብሎኛል። ለምን እንደዚህ ደስ እንዳለኝ አላውቅም።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ሲኒማ ራስ ጋ ሙባረክ ሱቅ ዋልኩ። ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል። የማይሸጠውንም ይሸጣል። ሁለት መግቢያ ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ለማይኩ አርባ ስምንት ቮልት የሚልክ ሳውንድ ካርድ አለህ ወይ አልኩት። አለ አለ። ሳያስብ። ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ አስከፈተልኝ፣ አንድ ሰው በጓሮ በር ሾልኮ ወጣ። ከየት እንደሚያመጣው አውቃለሁ። እኔም ዚፕ ሲጎድለኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። ለስላሳዬን ጠጣሁ።

መጣ። ካርቶኑ የተቀደደ፣ ውስጡ ግን ደህና። ቁጥሩን ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁ። ትክክለኛው ነው። ደስታዬ ለሙባረክ እንዳይታየው ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

ማይክ ላይ ተጣላን። ይሄ ቻይና አይደለም ጋሼ፣ የዱባይ ነው አለኝ። ዱባይ ማይክ የሚያመርት ፋብሪካ አለ ወይ አልኩት። ፋብሪካው ባይኖርም ሻንጣው ከዚያ ነው የመጣው አለ። ሳልወድ ሳቅኩ። ሁለት ዓይነት አስይዞ ሰደደኝ፤ ሞክረው አንዱን ይመልሱ ብሎ። ያለ ዋስ፣ ያለ ወረቀት። ያባቱን ሱቅ ካወቅኩት ስንት ዘመን ሆነ።

ነሐሴ 25፣ እሑድ፣ ከሰዓት

እንዲህ ያለ እሑድ አሳልፌ አላውቅም።

መጀመሪያ በኮምፒውተሩ በራሱ ቀዳዳ ሞከርኩ። ሽሽሽ ይላል፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚፈላ ውኃ። ከዚያ ሳውንድ ካርዱን ሰካሁ። ሽሽታው ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ። ባለቤቴን አስቴርን ጠርቼ ምንም አይሰማም አይደል አልኳት። ሄድፎኑን አድርጋ ቆየችና፣ ምንም እንዳይሰማ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ያወጣኸው አለችኝ።

አንደኛው ማይክ መድረክ ላይ የሚያዘው ዓይነት ነው፤ አፍ ካልተጠጋው አይሰማም። ዳይናሚክ ይሉታል። ሁለተኛው ኮንዴንሰር። እሱ ሌላ ፍጥረት ነው። የእጄን ሰዓት ሰማሁ። አስቴር ጓዳ ድንች ስትልጥ የቢላዋዋን ጉዞ ሰማሁ። ምራቄን ስውጥ ሰማሁ፣ አፈርኩ። አንድ ጊዜ ወልዴ በዚህ ፊት ቢያንጎራጉር ብዬ አሰብኩ፤ ከደረቱ የሚነሳው ያ ሻካራ ነገር ሳይቀር ይገባል።

ኮንዴንሰሩ ነው። አለቀ። ዳይናሚኩን ነገ እመልሳለሁ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ደደብ ነኝ። ጻፈው።

የሞከርኩት እሑድ ነው። እሑድ መርካቶ ተኝቷል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ማይኩን ከፈትኩ፦ ከጀርባችን ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ድንቁ፣ ከማዶ ጄኔሬተር፣ ዞር በል ዞር በል የሚል ተሸካሚ፣ ከዚያ የመኪና ጡሩምባ፣ ከዚያ ጎረቤት ሴትዮ ስለ ዘይት ዋጋ ስታማርር። ቃል በቃል። ከዚያ ዝናብ ጀመረ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ። ሄድፎኑን ወርውሬ ጆሮዬን ያዝኩ።

አስቴር ማይክ አልገዛህም፣ ወሬ ለቃሚ ነው ያመጣኸው አለች።

ሙባረክ ጋ ሄድኩ። ጾም ይዟል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ትዕግሥቱም። ዳይናሚኩ ትናንት ተሸጠ፣ ሌላ የሚገባው ከኢድ በኋላ ነው አለኝ። ይሄኛውን ደግሞ ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ወረቀት አውጥተው ነው የመረጡት፣ እኔ ምን አልኩ አለ። ምንም አላለም። ያበሳጨኝም ይኸው ነው።

ፍራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። በር ላይ ብርድ ልብስ። ድንቁ ብርድ ልብስ ያልፋል። ድንቁ ጋ ሄጄ በትህትና መቼ ነው የምታርፈው አልኩት። ጋሼ፣ መስቀል ሲደርስ ነዋ አለኝ።

መስቀል። ማስታወሻዬ፣ መስቀል። ያኔ ጉራጌው ሁሉ አገሩ ይገባል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ድንቁ የለም። ጄኔሬተር የለም። ዝናቡም ያባራል። አንድ ሳምንት ሙሉ እሑድ። ከኦፕራሲዮኑም በፊት ነው። ወደ ቤት ስመለስ እየሮጥኩ ነበር መሰለኝ፤ አንድ የማውቀው ነጋዴ ምን ሆንክ፣ ሱቅህ ተቃጠለ ወይ አለኝ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ሥራ። ሥራ። ሥራ።

የኮምፒውተሩ ፋን ይሰማል። ግድግዳውን በስቼ ሣጥኑን ወደ ጓዳ አዛወርኩ፣ ገመዱን በቀዳዳው አሳለፍኩ። አስቴር በርበሬዋን ከመደርደሪያው አነሳች፤ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ሄድፎን ሦስት ሞከርኩ። ሁለቱ ድምፅ ያፈሳሉ፤ ወልዴ በጆሮው የሚሰማው ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ጆሮ ሙሉ ይሸፍናል። ያዝኩት። መቅጃ ፕሮግራሙን ጫንኩ። ስናገር ድምፄ ዘግይቶ ወደ ጆሮዬ ይመጣ ነበር፤ እንደ ሰከረ ሰው ተንተባተብኩ። አንድ ቁጥር አለ፣ ዝቅ ሲያደርጉት መዘግየቱ የሚጠፋ። ወረቀቱ ላይ በትንሹ ተጽፎ አገኘሁት። ዝቅ አደረግኩት። ጠፋ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሰደብኩ። መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚተካ ዩፒኤስ ገዛሁ፤ እሱም ይጮኻል፤ የሚጮኸውን አካሉን ነቀልኩለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ወልዴ ብቻውን ይዘፍናል፣ በአንድ መስመር። ግጥሙን ተቀብለው የሚመልሱትን የተቀባዮቹን ድምፅ በኋላ በሌላ መስመር እኔ አስገባለሁ። እየደራረብኩ አሥር ሰው እሆናለሁ። ኮምፒውተር ማለት ይህ ነው። ንጹሕ፣ የተለየ፣ ሊታረም የሚችል።

መስከረም 2፣ ዓርብ

ወልዴ ለዘመን መለወጫ መጣ። ክፍሉን አሳየሁት። ፍራሹን በጣቱ ነካ፣ ማይኩን ዞሮ አየ፣ ይህ ነገር እንደ ሐኪሙ ምላጭ የለውም አይደል አለ። ከዚያ ዕቅዱን ነገርኩት። በመስቀል ሳምንት፣ መርካቶ ባዶ ሲሆን፣ ስምንቱን ዘፈን።

ሳቀ፤ አንገቱን ይዞ፣ እያመመው።

«እና እኔስ?» አለ። «ሁሉም ሲሄድ እኔ ምን ሆኜ ነው የምቀረው? የመርካቶ ዘበኛ ነኝ?»

ማስታወሻዬ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩትም። እምልልሃለሁ። መርካቶ ጸጥ የሚለው እኛ ስለምንሄድ ነው። ወልዴ መስቀልን አዲስ አበባ ውሎ አያውቅም። እኔም ውዬ አላውቅም። የሚሄዱትን ሁሉ ስቆጥር ድንቁን ቆጠርኩ፣ የጄኔሬተሩን ባለቤት ቆጠርኩ፣ ወንድሜንና ራሴን ረሳሁ። ስታቲስቲክስ ተምሬ።

አንድ ዓመት ብትቀር ምን ትሆናለህ አልኩት። ተቆጣ። ሐኪሙ ድምፄን ሊወስድ ይችላል ካለ፣ ድምፄ ያለበትን መስቀል ፍራሽ ውስጥ እንዳሳልፈው ነው የምትፈልገው አለ። ጮህኩበት። ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ።

አስቴር ለአገር ቤት የሚሆነውን ቅመምና ሻማ ቀድማ ገዝታለች። ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ግድግዳ ስትበሳ ደስ ብሎህ ነበር አለች።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ታርቀናል። ባለፈው እሑድ በራሱ ጊዜ መጣ፣ ሞክር አለኝ። በዓል ሊደርስ ስለሆነ እሑዱም ገበያ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ክፍት። አንድ ስንኝ ሳይጨርስ ድንቁ ጀመረ። ሁለተኛ ሞከርን፣ ጡሩምባ። ሦስተኛ፣ ጉሮሮው ደከመ። በዚያ ክፍል በፍራሽ ተከቦ ሲቀመጥ ሳየው እስረኛ መሰለኝ። ይብቃህ አልኩት። ሄድፎኑን በጥንቃቄ አጣጥፎ አስቀመጠልኝ።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ሐሳብ መጣልኝ። እሱ ወደ ዕቃው ካልመጣ ዕቃው ወደ እሱ ይሂድ። ሳውንድ ካርዱ ከኪስ ትንሽ ይበልጣል፤ ኃይሉን ከዩኤስቢው ነው የሚወስደው። ማይኩ አንድ ክንድ አይሞላም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። አገር ቤት መብራት የለም። ላፕቶፕ ያስፈልጋል፤ ባትሪው የማይዋሽ ላፕቶፕ።

ስምንት ዘፈን፣ ብቻውን፣ እያንዳንዱ አጭር። አንድ ሰዓት ይበቃኛል። አንድ ሰዓት የሚቆይ ባትሪ እፈልጋለሁ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ሙባረክ ጋ። ያገለገለ ላፕቶፕ አወጣ። ባትሪው ሦስት ሰዓት ይሄዳል አለ። አንተ ቆጥረሃል አልኩት። ጋሼ፣ ሲሸጡልኝ እንደዚያ ነው የነገሩኝ አለ። እንግዲያው እንቁጠር አልኩት።

ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ሳውንድ ካርዱን ሰካሁ፣ ማይኩን አበራሁ፣ መቅጃውን አስነሳሁ። ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እስኪሞት አልነሳም አልኩት። ሙባረክ ጾሙን ይዞ፣ እኔ እሱን አክብሬ ውኃም ሳልጠጣ። ደንበኛ ሲመጣ ጋሼ ምን ይጠብቃሉ ይላል፤ የባትሪ ለቅሶ ነው ይላል ሙባረክ። የመጀመሪያው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሞተ። ሙባረክ ፊቱ አልተለወጠም፣ ሌላ አወጣ። እሱ ደግሞ ሙሉ ነው እያለ ድንገት ጠፋ። ጋሼ ይህ ልብ ድካም አለበት አለ። ሦስተኛው አሮጌ፣ ከባድ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ። አንድ ሰዓት አለፈው። ሩብ ጨመረ። ከዚያ ትንሽ ቆየና ሞተ።

ማስታወሻዬ፣ ያን ጊዜ እኔና ሙባረክ ተያየን። እሱም ደስ ብሎት ነበር። የጠረጴዛ ኮምፒውተሬን ተረክቦ፣ ትንሽ አስጨምሮ ላፕቶፑን ሰጠኝ። ትርፍ ባትሪ ፈለግኩ፣ አስፈለግኩ፣ አለ ተባለ፣ የለም። እሺ። ያለው ይበቃል።

በመቅጃው የተያዘውን ቤት ገብቼ ሰማሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ የሙባረክ ሱቅ። የባትሪ ለቅሶ ነው የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። አላጠፋሁትም።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ነገ ጠዋት መኪና። ማይኩ በሹራብ ተጠቅልሏል፣ ሳውንድ ካርዱ በአስቴር ነጠላ። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ነው የምይዘው። ረዳቱ ጣሪያ ላይ እናስረው ቢል ከመኪናው እወርዳለሁ። ባትሪውን ሞልቼ ነቅያለሁ፤ ሦስት ጊዜ አየሁት። አስቴር ሕፃንህ ሆነ እኮ አለች።

የመንገዱ ሰው ከአሁኑ መቀነስ ጀምሯል። ድንቁ ዛሬ መዶሻውን ሰበሰበ፣ አገር ቤት እንገናኝ አለኝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጸጥታ በሰማሁት። እኔ ግን የለሁም።

መስከረም 15፣ ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አገር ቤት

የአባታችን ቤት ደፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቸኩያለሁ።

መጀመሪያ ደስታውን። ቤቱ። እዚህ ተወልጄ አድጌ አላወቅኩትም። ጣሪያው ወፍራም ሣር ነው፣ ክብ፣ ከፍ ያለ። ድምፅ ይውጣል፣ አይመልስም። ትናንት ሄድፎኑን አድርጌ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባው እዚያው ሞተ። እንደዚህ ያለ ክፍል ለመሥራት ሰው ስንት ይደክማል። እኔ ፍራሽ ስሰቅል።

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም አስወጣሁ። የአጎቶቼን ልጆች፣ ሚስቶቻቸውን፣ ከአዲስ አበባ የመጡትን፣ ጥጃውን። ደጅ፣ የመንደሩ ሰፊ መንገድ ጀፎረው ሣር ላይ ሂዱና ተቀመጡ፣ እስክጠራችሁ ማንም እንዳይተነፍስ አልኩ። ወጡ። አንዱ መንግሥት ተለወጠ እንዴ እያለ። ማይኩን ከቤቱ መሀል ምሰሶ አጠገብ አቆምኩ። ወልዴ በርጩማው ላይ። መቅጃውን አስነሳሁ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነ። ማስታወሻዬ፣ ያ ድምፅ። በጆሮዬ ውስጥ፣ ከነትንፋሹ፣ ከነሻካራው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቆመ። ቀጥል አልኩት በእጄ። አልቀጠለም። ተቀባዩ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። እንደገና ጀመረ፣ እዚያው ላይ ቆመ። አላጎደለም፣ አልረሳም፤ ይጠብቃል። ዝም ብለህ እለፈው፣ መልሱን በኋላ በሌላ መስመር አስገባዋለሁ አልኩት። የማንን ድምፅ ነው የምታስገባው አለኝ። የኔን አልኩት።

«አንተ መቀበል አታውቅም» አለ። «ማረም ነው የምታውቀው።»

ክፉ አልነበረም አነጋገሩ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ተናድጄ ወጣሁ። ላፕቶፑ ቤት ውስጥ በርቷል፤ ሳላጠፋው መውጣቴ አሁን ትዝ አለኝ። ተመልሼ አጠፋሁት፤ ከባትሪው ያለቀው አልቋል። ባትሪ የምሞላበት የወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ለበዓል ተዘግቷል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው አማቹ ጋ ሄዷል።

ስሌቱ ይህ ነው። ወልዴ ብቻውን እንዲዘፍን ብለምነው፣ ለእኔ ብሎ እሺ ይላል። እያቆመ፣ እየጠበቀ፣ ቁርጥራጭ ስምንት ዘፈን አገኛለሁ። ደጅ ያሉትን ብጠራቸው ግን አንዱ ዘፈን መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም፤ ተቀባዩ ካልጠገበ አይለቅም። ያለኝ ባትሪ ለሁለት ይበቃል። ምናልባት ለሦስት። ሌሎቹ ጥቅምት ላይ ከሐኪሙ ቢላዋ ጋር ይሄዱ ይሆናል፣ አይሄዱም ይሆናል።

ወልዴን በበሩ አየዋለሁ። በርጩማው ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጉሮሮውን አይነካም። ወደ ውጪ፣ ወደ ሣሩ ያያል፤ እነሱም ከሣሩ ወደ እሱ።

ሁለት ዘፈን ይሁን። የሁሉም ድምፅ እንዲገባ ማይኩን ከፊቱ አንስቼ ምሰሶው ላይ ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ። ያስወጣኋቸውን ልጠራ ተነሳሁ።